ሲሞቅ አልነሳም የሚል መኪና፦ ባትሪም ሞተሪኖም ቀይሬ አልተሻለም

የማታ ሾፌር (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለመድረኩ። ከወር በላይ የታገልኩት ነገር ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው፣ ታገሡኝ።

መኪናዬ ባለ 1.3 ሊትር ቤንዚን፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ፣ ዕድሜ የጠገበች ናት። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ትነሳለች። ነገሩ የሚመጣው ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ነድቼ፣ አጥፍቼ፣ ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ነው። ቁልፉን አዞራለሁ፣ ከኮፈኑ ሥር አንዲት «ቀጭ» ትሰማለች፣ ከዚያ ጸጥ። ሩብ ሰዓት ብጠብቅ ወይም ሰው ቢገፋልኝ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

መጀመሪያ «ባትሪ ነው» ተባልኩ፣ ቀየርኩ። ሁለት ሳምንት ደህና ሆነችና ተመለሰባት። ቀጥሎ «ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ነው» ተባልኩ፣ እሱንም ቀየርኩ። ይኸው በሦስተኛው ቀን ያው «ቀጭ»። አሁን ደግሞ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው) ቀይር እየተባልኩ ነው። እጄን ወደ ኪሴ ከመስደዴ በፊት እዚህ ልጠይቅ ብዬ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሌላ ክር ልከፍትለት አስቤ ነበር፣ ማታ ማታ የሙቀት መርፌዋ ከለመደችበት ቦታ ከፍ ትላለች። ተርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው) አስቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። ውሃ አይጎድልም። ይሄኛው ግን ለጊዜው ይቆይ።

ፈጣኑ (ሰኞ ማታ)

ዲናሞ ነው ወንድሜ፣ አትድከም። እኔም ላይ ደርሷል። ዲናሞው ካልሞላ አዲስ ባትሪም ሁለት ሳምንት ነው ዕድሜው። ቀይረህ ተገላገል።

ሰባራ ቺንጊያ (ሰኞ ማታ)

ሞተሪኖ ሲሞቅ ይደክማል፣ የታወቀ ነገር ነው። በተለይ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የተሰቀለ ከሆነ። በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገህ ነካ ነካ አድርገው፣ ከተነሳ እሱ ነው።

ባለ ቴስተር (ሰኞ ሌሊት)

ሰባራ፣ ሞተሪኖው አዲስ ነው ብሏል እኮ። መዶሻው የሚሠራው ያለቀ ካርቦን ወይም የተጣበቀ ሶሌኖይድ (ኃይሉን ወደ ሞተሪኖው የሚያገናኘው፣ «ቀጭ» የሚለው) ሲኖር ነው። አዲስ ሆኖም ሊበላሽ ይችላል፣ ግን ከዚያ አንጀምርም።

የማታ ሾፌር፣ ዲናሞውን ለጊዜው ተወው። ሦስት ነገር ንገረኝ፦

አንደኛ፣ የምትሰማው አንዲት «ቀጭ» ናት ወይስ «ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ» እያለ ይርገፈገፋል? ሁለተኛ፣ የፊት መብራት አብርተህ ቁልፉን ስታዞር መብራቱ ይደክማል? ድርግም ይላል? ወይስ እንዳለ ይቆያል? ሦስተኛ፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አለህ? ቀላሉ ዲጂታል ይበቃል።

የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። ባትሪው የደከመ ከሆነ ሶሌኖይዱ ይስባል፣ ሞተሪኖው ኃይል ሲጠይቅ ባትሪው ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱ ይለቃል፣ ባትሪው ያገግማል፣ እንደገና ይስባል። መርገፍገፉ ከዚያ ነው የሚመጣው። አንዲት «ቀጭ» ብላ መብራቱ ክፉኛ ከደከመ፣ ኃይሉ ሄዷል ማለት ነው፣ ሞተሪኖው ግን አልዞረም፤ ወይ ሞተሪኖው ተነክሷል ወይ ሞተሩ ራሱ ተይዟል። «ቀጭ» ብላ መብራቱ ብዙም ካልተነካ ግን ኃይሉ ከባትሪው በበቂ አልወጣም። የሆነ ቦታ ላይ መንገዱ ጠቦበታል።

የማታ ሾፌር (ማክሰኞ ጠዋት)

አንዲት ናት። መብራቱ ትንሽ ነው የሚደክመው፣ ከቁምነገር የሚቆጠር አይደለም። ቴስተር ከጎረቤት ተውሻለሁ።

ባትሪው ሳይነካ አድሮ 12.6 ነው። ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ሲሠራ 14.0። የፊት መብራት፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያና ቬንትሌተር ሳበራ ግን 13.1 ይወርዳል።

ፈጣኑ (ማክሰኞ ጠዋት)

አላልኩም? 13.1! ዲናሞው ጭነት ሲመጣበት ይንበረከካል። ቀይር።

ባለ ቴስተር (ማክሰኞ ከሰዓት)

ቀስ። ለማያውቅ አንባቢም እንዲሆን ቁጥሮቹን ላስቀምጥ። ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሩቡ ተበልቷል፤ 12.2 ግማሹ ሄዷል፤ ከ12 በታች ባዶ በለው። ሞተር ሲነሳ ባትሪው ራስ ላይ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም፤ ብርድ ከሆነ ትንሽ ይቅር ይባላል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.7 እስከ 14.7 ባለው መካከል ማየት አለብህ።

ስለዚህ ባትሪህ ጤነኛ ነው። 13.1 ግን ያሳስባል፣ በዚህ ከፈጣኑ ጋር ነኝ። የምለየው ግን ቁጥሩ ላይ ሳይሆን የተለካበት ቦታ ላይ ነው። አንተ የለካኸው ባትሪው ጋ ነው። ዲናሞው ያመረተውን ሳይሆን ባትሪው ዘንድ የደረሰውን ነው ያየኸው። ምንጩ ጋ ሂድ፦ ያንኑ ሁሉ አብርተህ ቀዩን የቴስተር ጫፍ ዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ቡሎን ላይ፣ ጥቁሩን የዲናሞው አካል ላይ፣ ንጹሕ ብረት ፈልገህ አስነካ። እጅህንና የልብስህን እጅጌ ከቺንጊያው አርቅ። ቀዩ ጫፍ ቡሎኑንና የሞተሩን ብረት አንድ ላይ እንዳይነካ፤ ያ ገመድ በቀጥታ ከባትሪው የመጣ ነው፣ ብልጭታው አያስቅም።

ወንበር ሥር (ማክሰኞ ማታ)

ክሩን ስለጠለፍኩ ይቅርታ፣ ጉዳዩ ስለተቀራረበ ነው። የእኔ መኪና ዓርብ ማታ ካቆምኳት ሰኞ ጠዋት የ«ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ» ናት። በካቦ ከሌላ መኪና ካስነሳኋት ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ናት። ባትሪው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ምን ይሆን?

ባለ ቴስተር (ማክሰኞ ማታ)

ያንተ ሌላ በሽታ ነው፤ ቆማ ሳለች የሚጠጣት ነገር አለ። ቴስተርህን ወደ አምፔር አዙረህ፣ ቀዩን ገመድ ወደ 10 አምፔር ቀዳዳ አዛውረህ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታና በካቦውና በባትሪው ራስ መካከል አግባው። በሮቹን ዝጋ፣ ቁልፉን አርቅ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ያልጠበቀ ሰው ነው በዚህ ፈተና የሚሳሳተው። ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ መጀመሪያ ላይ ብዙ ቢያሳይ አትደንግጥ። ከተኙ በኋላ ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ደህና ነው። ቴስተሩ በመካከል እያለ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክር፤ ውስጡ ያለው ፊውዝ ወዲያው ነው የሚሄደው።

ከበዛ፣ ፊውዝ እየነቀልክ አትፈልግ። ነቅለህ ስትመልሰው የተኛው ሁሉ ይነቃብሃል። ፊውዞቹ አናት ላይ ሁለት ትንንሽ የተገለጡ ብረቶች አሉ። ቴስተሩን ወደ ሚሊቮልት መልሰህ አንድ በአንድ እነዚያ ላይ አስነካ። ኃይል የሚያልፍበት ፊውዝ ላይ ጥቂት ሚሊቮልት ታያለህ፣ በሌሎቹ ዜሮ።

ሰማያዊ ቱታ (ማክሰኞ ሌሊት)

ዘግይቼ ነው ያየሁት። የማታ ሾፌር፣ ሁላችሁም ስለ «ቀጭ»ዋ ስታወሩ እኔ ዓይኔን የያዘው «ለጊዜው ይቆይ» ያልከው ነው።

መርፌዋ ማታ ብቻ ነው ከፍ የምትለው? ማታ ደግሞ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ መኪና የሚሞቀው ማታ ነው የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ማታን ከቀን የሚለየው ምንድን ነው? የፊት መብራት።

እስቲ ነገ በጠራራ ፀሐይ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ባለችበት ቆማ በሚኒሞ እየሠራች፣ የፊት መብራቱን አብራና መርፌዋን እይ። አጥፋና እይ። ጋዝ አትርገጥ፣ ሌላ ነገር አትንካ።

ፈጣኑ (ማክሰኞ ሌሊት)

መብራትና የሞተር ሙቀት ምን አገናኛቸው? 😀

የማታ ሾፌር (ረቡዕ ቀን)

ሰማያዊ ቱታ፣ እህቴ፣ ልታምኚ ነው? መብራቱን ሳበራው መርፌዋ ወዲያው ከፍ አለች። አጠፋሁት፣ ወረደች። የማሞቂያውን ቬንትሌተር ጨምሬ ስሞክር ይበልጥ ወጣች። ሰው ጠርቼ አሳይቻለሁ፣ ራሴን ተጠራጥሬ።

ባለ ቴስተር፣ ዲናሞው ላይም ለካሁ። ሁሉም ጠፍቶ 14.3፣ ሁሉም በርቶም 14.3! ንቅንቅ የለም። እዚያው ባትሪው ጋ ስመለስ ያው 13.1። ምን ማለት ነው ይሄ?

ሰማያዊ ቱታ (ረቡዕ ቀን)

ዲናሞህ ነጻ ወጥቷል ማለት ነው። ውሃ ደግሞ በአንድ ሰከንድ ፈልቶ በአንድ ሰከንድ አይበርድም፤ መርፌዋ የምትነግርህ ስለ ሙቀት አይደለም።

ነገሩ ማሳ ነው። የሞተሩ ኔጋቲቭ።

ሰው ሁሉ ስለ ቀዩ ሽቦ ይጨነቃል፤ ኃይሉ ግን ከባትሪው በቀዩ ወጥቶ በጥቁሩ ካልተመለሰ የትም አይሄድም። የመብራትህ ኔጋቲቭ ቦዲው ላይ ነው የታሰረው፣ ቦዲው ደግሞ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ነው። ለዚህ ነው መብራትህ የማይደክመው። ሞተሪኖውና ዲናሞው ግን ሞተሩ ላይ ናቸው፤ ሞተሩ ደግሞ በላስቲክ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ከቦዲው ጋር አይነካካም። ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው አንድ ወፍራም ካቦና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ተጨማሪ የተጎነጎነ ማሰሪያ ብቻ ነው። እነሱ ጋ ዝገት ካለ ሞተርህ በደሴት ላይ ነው ያለው።

መርፌዋ ለምን ትወጣለች? በእንዲህ ዓይነት አሮጌ መኪና የሙቀት ሴንሰሩ አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ኔጋቲቩን የሚያገኘው ከተሰካበት ከሞተሩ ብረት ነው። ጌጁ (መርፌዋ ያለችበት መለኪያ) ግን ያለው ቦዲው ጋ ነው። መብራት ስታበራ የዲናሞው ኃይል በመብራቱ አልፎ በቦዲው በኩል ወደ ሞተሩ ሲመለስ እዚያች የዛገች ቦታ ላይ ይጨናነቃል፤ ሞተሩና ቦዲው መካከል አንድ ቮልት ገደማ ልዩነት ይፈጠራል። ያ ልዩነት በጌጁና በሴንሰሩ የሚያልፈውን ኃይል ይጨምረዋል። ሴንሰሩ ሲሞቅ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፣ ኃይል በቀላሉ ያሳልፋል። ጌጁ ሁለቱን መለየት አይችልም።

የጠፋችብህ አንዷ ቮልትና «ቀጭ»ዋ ደግሞ ከዚያው ጉድጓድ ናቸው።

ሰባራ ቺንጊያ (ረቡዕ ቀን)

ወይ ጉድ። እኔ ተርሞስታቱ ነው ያሳዘነኝ።

ፈጣኑ (ረቡዕ ማታ)

ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ ግን ሞተሪኖውን የቀየረው መካኒክ ካቦዎቹን ሳያይ ይቀራል? ካቦ ደህና መሆን አለመሆኑን ደግሞ በቴስተሩ ኦም (ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኃይልን የሚያግደውን መጠን) ለክቶ «ቲት» ካለ አለቀ።

ባለ ቴስተር (ረቡዕ ማታ)

ፈጣኑ፣ ብዙ ባለሙያ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና ልዘግይበት።

ሞተሪኖው ላይ 150 አምፔር ያህል ያልፋል እንበል። መገናኛው ላይ 0.02 ኦም ብቻ ቢኖር፣ 150 በ0.02 ሲባዛ 3 ቮልት ነው። ሦስት ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ሞተሪኖው ከባትሪው ሩቡን አጣ ማለት ነው። አሁን ቴስተርህን ወደ ኦም አዙረህ ሁለቱን ጫፎቹን እርስ በርስ አስነካ፤ ምን ያሳይሃል? 0.2፣ 0.3፣ አንዳንዱ 0.5። የራሱ ገመድ ብቻ ከምትፈልገው ጥፋት አሥር እጥፍ ነው። «ቲት» የሚለው ደግሞ ከ30 ኦም በታች ላለ ነገር ሁሉ ነው። ከሃምሳ የካቦ ክሮች አንዱ ብቻ ቢቀርም «ቲት» ይላል፤ ሞተሪኖ ግን አያዞርም።

ስለዚህ ወፍራም ካቦ የሚፈተነው ሥራ ላይ እያለ ነው። ቴስተሩ በ20 ቮልት ዲሲ። ማርሹ ፎሌ (ባዶ)፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ። ሞተሩ እንዳይነሳ የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ ንቀል። ጥቁሩን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ያዝ፤ ካቦው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ቀዩን የሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ። ሌላ ሰው ቁልፉን ለሦስት አራት ሰከንድ ያዙርልህ። ደህና ከሆነ ከ0.2 ብዙም አይበልጥም፤ 0.5 ካለፈ ጥፋተኛ አለ። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ፦ ከባትሪው ቀይ ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን።

ጥፋት ካገኘህ ቀዩን ጫፍ ወደ ባትሪው እያቀረብክ ደረጃ በደረጃ ለካ። ቁጥሩ ድንገት የወደቀበት ቦታ ላይ ያለፍከው መገናኛ ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ መካከል ሞተሪኖውን አሳርፈው፤ ከአሥር ሰከንድ በላይ በአንድ ጊዜ አታሠራው።

እና መለካት ያለብህ ሲታመም ነው። ጥፋቱ ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነው።

አሮጌው ሾፌር (ረቡዕ ሌሊት)

ልጆች፣ እኔ ኤሌክትሪኩን እንደናንተ አላውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅ ብቻ። ልጄ፣ የፍሪሲዮንህ ፔዳል በቅርቡ አልጠነከረብህም?

የማታ ሾፌር (ሐሙስ ጠዋት)

ጋሼ፣ ይህን በምን አወቁ? አዎ፣ ጠንክሮብኛል። ሁለት ወር ይሆነዋል። «ካቦው ቅባት አጥቶ ነው» ተብዬ ዘይት አፍስሰውበታል።

አሮጌው ሾፌር (ሐሙስ ጠዋት)

አንድ ጊዜ በወጣትነቴ ያነዳሁት ቫን ላይ የፍሪሲዮኑ ካቦ እየደጋገመ ይነክስ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀየርንለት። ሦስተኛው ላይ አንድ ኤሌክትሪሺያን ሞተር እያስነሳን ካቦውን በእጁ ያዘና «ይሄ ምጣድ ነው» አለ። ሞተሩ የራሱ ማሳ ሲጠፋበት ኃይሉ ያገኘውን ብረት ነው የሚይዘው፤ የፍሪሲዮን ካቦ፣ የጋዝ ካቦ፣ የማርሽ ዘንግ። ቀጭን ሽቦ ደግሞ ያን ሁሉ አይችልም፣ ይግላል፣ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይቀልጣል። አንተም ካቦውን አየት አድርገው።

ሰማያዊ ቱታ (ሐሙስ ጠዋት)

ጋሼ ይህን በማንበቤ ቀኔ በራ።

የማታ ሾፌር (ዓርብ ማታ)

እሺ፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ።

ትናንት ግማሽ ሰዓት ነድቼ አቁሜ ጠበቅኩ። እንደለመደችው «ቀጭ»። ወንድሜን ቁልፍ አስያዝኩ፣ እኔ ቴስተር ያዝኩ።

በፖዘቲቩ በኩል 0.15። ከኔጋቲቩ የባትሪ ራስ እስከ ሞተሩ ብረት 7.4 ቮልት! መጀመሪያ የተሳሳተ ቦታ የያዝኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከባትሪው ራስ እስከ ማያዣው 0.03። እስከ ካቦው ሌላኛው ጫፍ፣ ማለትም ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ እስከታሰረው ቀለበት 0.2። ቀለበቱን ለቅቄ አንድ ጣት አልፌ ካምቢዮውን ራሱን ስነካው 7.4። ቀለበቱና ካምቢዮው ሲያዩዋቸው እኮ የተጣበቁ ናቸው!

ቡሎኑን ፈታሁ። ከላይ ንጹሕ የሚመስለው ቀለበት ከሥሩ በነጭና ቡናማ ዱቄት ተሸፍኗል። ካምቢዮው ሲወርድ የተቀባ የሚመስል የብር ቀለምም አለበት፤ ባለፈው ዓመት ፍሪሲዮን ሲቀየር ካምቢዮው ወርዶ ነበር። እና ሰማያዊ ቱታ ያልሽው ሁለተኛው የተጎነጎነ ማሰሪያ? ቦዲው ላይ ግማሹ ተንጠልጥሏል፣ ሞተሩ በኩል ያለው ጫፍ የለም፣ ተበጥሷል። ስለዚህ ሙሉው ሸክም በዚያች በዛገችው ቀለበት ላይ ነበር።

የፍሪሲዮን ካቦውን ጋሼ እንዳሉት ነካሁት። ሦስት ጊዜ ለማስነሳት ከሞከርን በኋላ እጅ ላይ የሚሰማ ሙቀት ነበረው።

አንድ ያልገባኝ፦ ለምን ሲሞቅ ብቻ?

ባለ ቴስተር (ዓርብ ማታ)

ብረት ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ መዳብ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ። 50 ዲግሪ ቢሞቅ አንድ አምስተኛ ጨመረ ማለት ነው፤ የሞተሪኖው ውስጥም ያው ነው። ያ ብቻውን ጤነኛ መኪና አያቆምም። ጫፍ ላይ ለቆመች ግን በቂ ግፊት ነው። በቀዝቃዛውም ብትለካው ደህና አይሆንም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እንደምንም ስለምታዞረው ነው ያልታወቀህ።

አሁን ስትሠራው ኔጋቲቩን ከባትሪው መጀመሪያ ፍታ፣ መጨረሻ እሰር። ቀዩን ቀድመህ ብትፈታ ቁልፉ ቦዲ የነካ ዕለት ሾርት ነው። ቀለበቱንም ካምቢዮውንም በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ጥረግ። ጥርስ ያለው ዋሸር አድርግበት። አጥብቀህ እሰር። ቅባቱን ከላይ የምትቀባው ካሰርክ በኋላ ነው፣ ዝገት እንዳይመለስ። የተበጠሰውንም ማሰሪያ በአዲስ ተካ፤ እሱን ችላ ካልክ ዓመት አይቆይም፣ እዚሁ እንገናኛለን።

ወንበር ሥር (ቅዳሜ ጠዋት)

የእኔ ተገኘ! ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ስለካ 430 ሚሊአምፔር። ፊውዞቹን በሚሊቮልት ስዞርባቸው የውስጥ መብራቱ ፊውዝ ላይ ቆመ። ግን በሮቹ ሁሉ ሲዘጉ መብራት የለም። በመጨረሻ ስልኬን ቪዲዮ እየቀረጸ የኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀምጬ ዘጋሁት። ቪዲዮው ላይ ቀን የመሰለ ብርሃን! የኋላ ኮፈኑ መብራት ማብሪያዋ ታጥፋ ኖሯል፣ ኮፈኑ ሲዘጋ መብራቷ አትጠፋም።

ባለ ቴስተር (ቅዳሜ ጠዋት)

5 ዋት አምፖል ነች፣ ሒሳቡ ልክ ነው። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት፣ በ0.43 አባዛው፤ 26 አምፔር-ሰዓት ገደማ። ሁለት ዓመት ከሠራ ባትሪ ላይ ግማሹን ወስዳለች። በሥራ ቀን ግን በየዕለቱ ስለምትሞላ አትታወቅህም።

ሰባራ ቺንጊያ (ቅዳሜ ቀን)

እኔም ካላችሁ አይቀር፦ የእኔዋ መርፌዋ በእውነት ትወጣለች፣ መብራት በርቶም ጠፍቶም። መንገድ ሲዘጋጋ ትሞቃለች፣ ስነዳ ትመለሳለች። ማሳ ይሆን?

ሰማያዊ ቱታ (ቅዳሜ ቀን)

አይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ማሳ ልናደርገው ነው እንዴ? 😀

ቆማ ሞቃ ስትነዳ የምትበርድ ከሆነ አየር ነው ያጣችው። ስትነዳ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርድልሃል፤ ስትቆም ግን ሥራው የራዲያተሩ ቬንትሌተር ነው። መርፌዋ ስትወጣ ኮፈኑን ከፍተህ ይዞር እንደሆነ ተመልከት፣ እጅህን ሳታስገባ፣ ሳይታሰብ ይነሳል። ካልዞረ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ የሙቀት ማብሪያው፣ ከዚያ የቬንትሌተሩ ሞተር። ሶኬቱን ነቅለህ በቀጥታ ከባትሪ 12 ቮልት ብትሰጠውና ቢዞር ሞተሩ ደህና ነው። ተገላቢጦሹ፣ ስትነዳና ዳገት ስትወጣ ሞቃ ስትቆም የምትበርድ ቢሆን ኖሮ ስለ ውሃው ዝውውር እናወራ ነበር፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ ያልተከፈተ ተርሞስታት፣ ያለቀ ፖምፓ።

የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ ሳለ እንዳትከፍተው። ክዳኑ ውሃውን አፍኖ ነው ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው፤ በከፈትክ ቅጽበት ሁሉም ባንድ ጊዜ ይፈላል፣ ፊትህ ላይ። በርዶ ሲያድር ከፍተህ፣ ሞተሩን አስነስተህ፣ ያልቆመ አረፋ ካየህበት ወይም ዘይት መክፈቻው ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካገኘህ ግን ቬንትሌተሩን ተወው፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው፣ አትንዳት።

የማታ ሾፌር (እሑድ ማታ)

ሥራው አለቀ። ቀለበቱ ተጠረገ፣ ካምቢዮው ላይ ያለው ቀለም ተፋቀ፣ አዲስ የተጎነጎነ ማሰሪያ ከሞተሩ ወደ ቦዲው ገባ። ዛሬ ሆን ብዬ አንድ ሰዓት ነድቼ ስምንት ጊዜ አጥፍቼ አስነሳሁ። ስምንቱንም ተነሳች፣ ያውም ከዚህ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ፍጥነት እየዞረች። ሲነሳ በኔጋቲቩ መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት አሁን 0.12። ሁሉም በርቶ ባትሪው ጋ 14.1። መርፌዋ መብራት ሲበራ ንቅንቅ አትልም።

የፍሪሲዮኑን ካቦ አወጣነው። የውስጡ ፕላስቲክ ሁለት ቦታ ላይ ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቋል። አዲስ ገብቶለት ፔዳሉ እንደ ቅቤ ሆነ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

አሁን ቤቴ ውስጥ አንድ የድሮ ሞተሪኖ፣ አንድ የድሮ ባትሪና አንድ የድሮ ተርሞስታት አሉ። ምናልባት ሦስቱም ደህና ናቸው።

ባለ ቴስተር (እሑድ ማታ)

ተርሞስታቱን ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተህ፣ ቴርሞሜትር ከትተህ ፈትነው። ጀርባው ላይ 82 ወይም 88 ተብሎ ይጻፋል፤ በዚያ ዲግሪ አካባቢ መከፈት ከጀመረ ደህና ነው።

ፈጣኑ (እሑድ ሌሊት)

ዝም ብዬ ልተኛ ነበር፣ ግን ልናገር። ጎረቤቴን ቀስቅሼ የእኔንም ለካሁ። ባለፈው ዓመት ዲናሞ ያስቀየርኩባት ናት። ከኔጋቲቩ ራስ እስከ ሞተሩ 0.9።

ሰማያዊ ቱታ (እሑድ ሌሊት)

የድሮውን ዲናሞ ጥለኸዋል?

ፈጣኑ (እሑድ ሌሊት)

ሰጥቼዋለሁ። ለአንድ ዘመድ። እስካሁን በደንብ ይሠራለታል አሉ።